የኳሷ ልብስ

ኩዌት ውስጥ፣ ሙቀቱ በሚከፋባቸው ሦስት ወራት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ደጅ መሥራት በሕግ ክልክል ነው። ምክንያቱ ፀሐይ ነው ይላሉ። እኔ ግን አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ እውነተኛው ምክንያት የቀትር ጋኔን መሆኑን ስነግር ኖሬያለሁ። «አገር ቤት ወንዝ ዳር ነው የሚውለው፤ እዚህ ወንዝ ስለሌለ የውኃ ታንከር ውስጥ ገብቶ ይውላል። ኩዌቶቹም ያውቃሉ፤ ጋኔን ብለው መጻፍ ስላፈሩ ሙቀት ብለው ጻፉት» እላለሁ። ስንቱ አምኖኝ በቀትር ታንከር አጠገብ ሽንቱን መሽናት ትቷል።

ስሜ ሱልጣን ነው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ የጨረስኩት በመስኮት ነው፤ በሩ ላይ ዳይሬክተሩ ቆሞ ነበር። በምንኖርበት በኸይጣን ሰፈር ስልኩ በሙቀት ቀልጦ ጆሮው ላይ የቀረ ሹፌር አለ፣ እስከ ዛሬ ካርድ ሳይሞላ ያወራል ብዬ ግማሹን ሰፈር ያሳመንኩ ሰው ነኝ። የፀጉር ሳሎኗ ሻሼ «አንተ እውነት የተናገርክ ቀን ሐዋሊ ላይ በረዶ ይጥላል» ትለኛለች። ይህን ታሪክ የነገርኳት ቀን በረዶ አልጣለም፤ እሷም አላመነችኝም። እናንተ እንደፈለጋችሁ።

ቀለም ቀቢዎች ነን። ታንከር፣ ቧንቧ፣ የብረት አጥር፣ ብቻ ዝገት የጀመረው ነገር ሁሉ የእኛ ነው። ስንት ባልዲ ቀለም እንደሚያስፈልግ የሚያሰላልን ጋሽ ሀብተወልድ ነበር። አዳማ ላይ ሠላሳ ዓመት በርሜል እየቀደደ ምድጃና ባልዲ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። በርሜል ሲያይ በርሜል አይታየውም፤ ተቀዶ መሬት ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው የሚታየው። የማንኛውንም ብረት ገላ የሚሸፍነውን «ልብስ» ይለዋል። «ዙሪያውን ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ አባዛ፤ የበርሜል ልብስ ያ ነው። ለክዳኑና ለመቀመጫው ሁለት ክብ ጨምርለት።» አለቀ።

ግብፃዊው ፎርማናችን ጣሪቅ አምስት ሜትር የብረት ሜትር መኪናው ውስጥ አለው። ጋሽ ሀብተወልድ ግን «ብረት ፀሐይ ላይ እጅ ያቃጥላል፣ ክብ ነገር ላይም ይንሸራተታል» ብሎ በራሱ ገመድ ነበር የሚለካው። አሥራ አንድ ሜትር የጥጥ ገመድ፣ በየሜትሩ አንድ ቋጠሮ፣ አሥራ አንድ ቋጠሮ።

አምና በነሐሴ፣ ከአሕመዲ ከተማ አለፍ ብሎ ካለ አንድ አሮጌ የመጋዘን ግቢ ሁለት ታንከር እንድንቀባ ተላክን። አንዱ በርሜል ነው፣ አንዷ ኳስ። ኳሷ በስድስት እግር ላይ ቆማለች፤ ወገቧን የብረት መተላለፊያ እንደ መቀነት ዞሯታል። የበርሜሉን ክዳን ብትከፍተው ኳሷ ልክክ ብላ ትገባበታለች፤ ወርዷም ከፍታዋም ከእሱ እኩል ነው።

«የበርሜሉን ክዳንና መቀመጫ ብንተው፣ ሁለቱ እኩል ቀለም ነው የሚጠጡት» አለ ጋሽ ሀብተወልድ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ለእኔም በዛ! ኳሷ እኮ ላይና ታቿ ይጠባል። እሱ ግን እስከ አናቱ ድረስ ያው ነው።»

«አንተ ቀጣፊ፣ ከምላስህ ሌላ የምትሠራበት ነገር ካለህ ብርቱካን አምጣ።»

አመጣሁ። ለሁለት ከፈለው። በጠፍጣፋው ፊት ላይ ከመሐል ጀምሮ ሲባጎ እንደ ሰፌድ ስፌት እያዞረ እስከ ጠርዙ ጠመጠመና ቆረጠው። ከዚያ ብርቱካኑን ገልብጦ በጉብታው ላይ እንዲሁ ጠመጠመ። ሁለቱን ክር ዘርግቶ ሲያስተያያቸው የጉብታው ክር ልክ እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

«ግማሿ ሁለት ክብ ለበሰች። ሙሉዋስ?»

«አራት።»

«አራቱን ክብ ብታሰላው የሚመጣው ዙሪያዋ ሲባዛ በወርዷ ነው። የበርሜሉ ጎን ደግሞ ዙሪያው ሲባዛ በቁመቱ ነው። ወርዷ ከቁመቱ እኩል ከሆነ ምን ቀረ?»

«ብርቱካኑ» ብዬ ግማሹን በላሁት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ያበሳጨኝ አለመሳሳቱ ነው። ስምንት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ባልዲ ተርፎት፣ አንድ ባልዲ ጎድሎት አያውቅም። እኔ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምሳሳተው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ሲሳሳት ለማየት አማረኝ። ለሳቅ።

በቀትር ዕረፍት ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተኝቶ ሳለ ገመዱን ወሰድኩ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በድርብ ቋጠርኳቸው። ድርብ ቋጠሮ ገመድ ይበላል፤ እያንዳንዱ አራት አምስት ሳንቲም ዋጠ። ከአሥራ አንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ጠፋ። ምንም አልቆረጥኩም። ገመዱ እንዳለ አለ፤ የጎደለው ቋጠሮው ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

ጋሽ ሀብተወልድ የኳሷን ወገብ ለካ። ሃያ ሁለት ሜትር መሆን የነበረበት ሃያ ሦስት ሆነ። ዙሪያውን ለሃያ ሁለት ከፍሎ ሰባቱን እጅ ሲወስድ ወርዷ ሰባት ሜትር ከሠላሳ መጣለት። ሲያባዛው መቶ ስልሳ ስምንት ካሬ። አንዱ ባልዲ ሃያ ሁለት ካሬ ያለብሳል፤ ስምንት ባልዲ አዘዘ። ቀባን። ሰባቱ አለቀ፣ ኳሷ ለበሰች፣ ስምንተኛው ክዳኑ ሳይከፈት ቀረ።

ልስቅ ተዘጋጀሁ። ጣሪቅ መጣ። ባልዲውን በእግሩ ገፋው።

«ያ ሀብተወልድ!» ሲል በዐረብኛው ጠራው። «ቀለም ተረፈ ማለት ስስ አድርጋችሁ ቀባችሁ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሠራሁ ትላለህ፤ ሠላሳ ዓመት ስትሰርቅ ነበር?»

በሰው ፊት ነው እንዲህ ያለው።  ጋሽ ሀብተወልድ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገው፤ እንደገና አውልቆ ጠረገ። በማግስቱ ምሳ ላይ በሚያስቅ መንገድ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቀልድ ሰዓቱ ካለፈ ግን ኑዛዜ ነው የሚሆነው፤ ኑዛዜ ደግሞ ለምዶብኝ አያውቅም።

በማግስቱ በቀትር፣ እኛ በርሜሉ ጥላ ሥር ተጋድመን ሳለን፣ ገመዱን ይዞ ብቻውን ኳሷ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መተላለፊያው ላይ ጀርባውን ለኳሷ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ገመዱ ጭኑ ላይ ነው። ገና ትንፋሽ ነበረው። አንድ ነገር ነገረኝ። አምቡላንስ ወሰደው፤ አልተመለሰም።

«ምን አለህ?» ያላለኝ ሰው የለም። ለሻሼ «ኳሷን አትመኗት አለ» አልኳት። አብረውን ለሚሠሩት ልጆች «እስከ አሥራ አንድ ቆጥሮ ዐረፈ» አልኳቸው። ለሌላው ሌላ። ሲደጋገም እያማረ ሄደ። ያለውን ግን ለአንድም ሰው አልነገርኩም።

ሻንጣው ሐዋሊ ቢሮ ያጸዳ ለነበረው ለእኅቱ ልጅ ለዳምጤ ተላከ። ሁለት ሸሚዝ፣ መነጽር፣ ያ ገመድ። ዳምጤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የነገሩትን ሁሉ በሁለት እጁ የሚቀበል ሰው ነው። በሚያዝያ «የአጎቴን ቦታ ልሥራ» ብሎ እኛ ዘንድ ገባ። ስለ አጎቱ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ልማዴ።

«ኳሷ በቀትር ታንኳኳለች፣ ታውቃለህ?»

«ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ እሱ ነው።»

«ብረት ቁጥር ያውቃል እንዴ? አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያንኳኳው። አጎትህ ነው፤ ቋጠሮውን እየቆጠረ ነው።»

አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም። አሥራ አንድን ከገመዱ ወስጄ ነው የለጠፍኩላት።

ዘንድሮ በነሐሴ የባሕሩ ጨው ቀለሙን ልጦት ኖሮ ተመልሰን ወደዚያው ግቢ ተላክን። ጣሪቅ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ዳምጤን ጠራው።

«አምና ስስ አድርጎ የቀባት አጎትህ ነው። ዘንድሮ ልኩ አንተ ላይ ነው። አንድ ባልዲ ቢተርፍ፣ አንድ ባልዲ ቢጎድል፣ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አላሳድስም። ሰፈር!» አለና፣ ጉዞ ማለቱ ነው፣ በመዳፉ አውሮፕላን ሲነሣ አሳየው።

ዳምጤ ከእናቱ ጋር ሁለት እኅቶቹን የሚያኖር ሰው ነው። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ በርሜሉ ጥላ ሥር ተጋደምን። ነፋስ የለም። ኳ አለ። ትንሽ ቆየና ኳ። ዳምጤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያጥፍ አየሁት። አሥር ጣቱ አለቀ፤ አንዱን ጣት መልሶ ዘረጋ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«አሥራ አንድ» አለ ቀስ ብሎ። «እውነትህን ነው፣ ሱሌ።»

 አሥራ አንዱ የእኔ ውሸት ነበር። ኳሷ ከማን ሰማችው?

በሁለተኛው ቀንም አሥራ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፤ ከሲሚንቶው በኩል በጀርባዬ ገባ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳምጤ ኳሷን ለካ። ሃያ ሦስት። ስምንት ባልዲ። እርሳሱን ነክሶ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ።

«አጎቴም ስምንት ነበር ያለው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አንዱ ተረፈ።»

«ተረፈ።»

«እንግዲህ ወይ አጎቴ ተሳስቷል፣ ወይ ገመዱ፣ ወይ ኳሷ።»

«ኳሷ ናታ! ሰው ስትበላ ታብጣለች» አለ አፌ፣ እኔ ሳላዘው።

ዳምጤ አየኝ። «አብጣማ ቢሆን ኖሮ ስምንተኛውን ባልዲ ትጠጣው ነበር።»

«የጣሪቅን ሜትር ተዋሰዋ።»

«ጣሪቅ አጎቴን ሌባ ነው ያለው። ዛሬ ሜትሩን ከተዋስኩት፣ አዎ የአጎቴ ገመድ ውሸታም ነው ብዬ ፈረምኩለት ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው? ዐሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ቁጥር ይጠይቅሃል።»

«ያ የሚያንኳኳው አጎቴ ከሆነ፣ ልኩን እሱ ይነግረኛል» አለ። እንደ ቀልድ አላለውም።

«ዳምጤ፣ እሱን እኮ እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ውሸት ነው!»

«እሺ። ታዲያ ማነው የሚያንኳኳው?»

 ባልዲ አንሥቼ ወደ በርሜሉ ሄድኩ።

በቀትር ዓይኔን ከደን አድርጌ ስገልጥ የዳምጤ ቦታ ባዶ ነበር። ገመዱም የለም።

ሸሚዜን አውልቄ እጄ ላይ ጠቅልዬ መሰላሉን ወጣሁ። ብረቱ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ይጠብሳል። ሰማዩ ነጭ ነው፤ በርሜሉ፣ አጥሩ፣ የአሕመዲ መንገድ ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ዳምጤ እዚያው ነበር። እዚያው ስል አጎቱ በተቀመጠበት ቦታ ማለቴ ነው፤ ጀርባው ኳሷ ላይ፣ ገመዱ ጭኑ ላይ። ፊቱ ደርቋል፤ ጠብታ ላብ የለውም። ላቡ የቆመ ሰው አንድ ጊዜ አይቻለሁ።

«ውረድ፣ ዳምጤ!»

«ዝም በል። ስድስት ደርሷል።»

ኳ።

«ሰባት» አለ።

ተንበረከክሁ። «ስማኝ። አጎትህ አልተሳሳተም። ቋጠሮዎቹን እኔ ነኝ በድርብ የቋጠርኳቸው። ግማሽ ሜትር በልተዋል። ሲሳሳት ለማየት ብዬ ነው። ለሳቅ ብዬ።»

ሳቀ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ወጣው። «ባለፈው ሳምንት ሻሼን ግመል ሊፍት ውስጥ ወለደች ብለህ አሳምነሃታል።»

«በእናቴ!»

«በእናትህ ስንት ጊዜ ማልክ? ሂድ፤ ቁጥር አታሳተኝ።»

ያኔ ገባኝ፤ እኔ ብናገር ከንቱ ነው። የገመዱን ጫፍ ከእጁ ነጠቅኩና ዓይኑ ፊት አንድ ድርብ ቋጠሮ ቋጠርኩ። ግራኝ ነኝ። የግራኝ ቋጠሮ የሚዞረው ሰው ሁሉ ከሚያዞርበት በተቃራኒ ነው። ዳምጤ አዲሱን ቋጠሮ አየ፤ ከጎኑ ያለውን አሮጌውን አየ። ገመዱን በጣቶቹ መሐል እያሳለፈ እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። መጨረሻው ላይ ቆመ።

«አሥሩ የአንተ ናቸው» አለ። «ይሄ አንዱ ግን ነጠላ ነው። በቀኝ እጅ የተቋጠረ።»

አጎነበስኩ። እውነቱን ነው። አምና ሁሉንም በድርብ ነበር የቋጠርኩት፤ አሥራ አንዱንም። አንዱን ፈትቶ በነጠላ የመለሰው ሰው አለ።

«ደርሶበት ነበር» አለ ዳምጤ። «እዚህ ቁጭ ብሎ ደርሶበት ነበር። ትንፋሹ ለአንዱ ብቻ ነው የበቃው።»

ኳሷም ዝም አለች፤ ከሰባት አላለፈችም። ዳምጤ ገመዱን ጭኔ ላይ ወረወረው።

«ፍታ።»

መጀመሪያ አሁን ለናሙና የቋጠርኩትን ፈታሁት። ከዚያ አሮጌዎቹን በጥፍሬ፣ በጥርሴ ያዝኳቸው። እኔ እፈታለሁ፣ እሱ በነጠላ ይቋጥራል። የመጀመሪያው ሲፈታ ከብረቱ ውስጥ ኳ አለ። ሁለተኛው ሲፈታ ኳ። ከአራተኛው በኋላ ቀና ብዬ ማየት ተውኩ። አሥሩ አለቀ፤ አሥር ጊዜ ተንኳኳ።

ገመዱን ወገቧ ላይ አዞርነው። ሁለት ጊዜ አስከትለን። ጫፉ ከተነሣበት ምልክት ላይ ተቀመጠ፤ አንድ ጣት አላለፈም፣ አንድ ጣት አልጎደለም።

«ሃያ ሁለት» አለ ዳምጤ። «ወርዷ ሰባት። መቶ ሃምሳ አራት ካሬ። ሰባት ባልዲ።»

አሥራ አንደኛው ያኔ መጣ። ከመዳፌ ሥር፣ ከውስጥ በኩል።

ደግፌ አወረድኩት፤ ውኃ አፈሰስንበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላቡ ተመለሰ። ጥላው ሥር እንደተጋደመ፣ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ምን አለህ? ለሻሼ ያልከውን አይደለም የምጠይቅህ።»

«‹ሰባት ነው፤ ለጣሪቅ ንገረው› አለኝ። ከዚያ እጄን ያዘ። ግራ እጄን ፈልጎ ነው የያዘው። አምቡላንሱ እስኪመጣ አልለቀቀኝም።»

«ለጣሪቅ ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

«ዛሬ ትነግረዋለህ።»

ዐሥር ሰዓት ላይ ጣሪቅ መጣ። ዳምጤ «ሰባት» አለው። እኔም ሰው ሁሉ በቆመበት በዚያች በምችላት ዐረብኛ ጀመርኩ፦ ሀብተወልድ ሰባት ብሎ ነበር፣ ገመዱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሌባም ሰነፍም አልነበረም፣ መልእክቱንም ዓመት ሙሉ ይዤበት ኖሬያለሁ። ጣሪቅ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ያ ሱልጣን! አንተ ሰው፣ በሞተ ሰው እንኳ ትቀልዳለህ?» ትከሻዬን ቸብ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

አላመነኝም። ልጆቹም ዓይናቸውን ሰበሩ። ብነግራቸው የሚያምኑት ውሸት ስንት ነበረኝ መሰላችሁ።

ሰባት ባልዲ መጣ። የሰባተኛው ባልዲ መጨረሻ፣ መቀቢያ ሩሎውን ጨምቀን፣ ከመተላለፊያው ሥር የቀረችውን መዳፍ የምታህል ቦታ አለበሰ። ባልዲውን ገልብጠን አራገፍነው፤ ጠብታ አልወረደም። የዳምጤ ኢቃማ ታደሰ። አሁን ልኩን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ጣሪቅም በገመዱ ላይ አይናገርም። ዳምጤ ከእኔ ጋር ስለ ሥራ ብቻ ያወራል። «ሩሎ አቀብለኝ» ይለኛል፣ «መሰላሉን ያዝልኝ» ይለኛል። ስቀልድ ይነሣና ውኃ ሊጠጣ ይሄዳል።

ባለፈው ዓርብ ኸይጣን ቤት ተኝቼ ነበር። ጣሪያችን ላይ አሮጌ የውኃ በርሜል አለ። በቀትር ኳ አለ። ፀሐይ ነው አልኩ። ኳ አለ። ግራ እጄን ትራሱ ሥር ከትቼ ቆጠርኩ፤ አሥር ላይ ቆመ። አሥሩ እኔ የፈታኋቸው ናቸው፤ አንዱን የፈታው እሱ ነው። ሌሎቹ ቡና ሊጠጡ ወጡ፣ ተመልሰው መጡ፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። እኔ አሥራ አንደኛውን እየጠበቅሁ ከፍራሹ አልተነሣሁም።